«ተኝታለች» ያልሁባቸው ዓመታት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ስናዘዝ እንኳ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን እየቆጠርሁ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል። እኔም «ይኸው ነው አባቴ» እላለሁ። ይኸው አልነበረም። ዋናው ቀርቷል።

አደጋው መጀመሪያ የታየኝ ላሜ የወለደች ቀን ነው። ረፋድ ላይ ነበር፤ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። ቦራ እላታለሁ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት። የመጀመሪያ ጥጃዋን ወለደች። ጥጃዋ መሬት ላይ ወድቃ፣ እርጥብ እንደሆነች፣ አንገቷን ቀና ለማድረግ ትታገላለች። ላም ስትወልድ ምን እንደምታደርግ እኛ ፎገራ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ዞራ ትልሳለች፣ በጉሮሮዋ ዝቅ አድርጋ ትጣራለች። ቦራ ግን ዞር ብላ አየቻትና ደነገጠች። ጅብ ያየች ይመስል ወደ ኋላ ሸሸች፤ ጎኗን ከግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ጥጃዋ ልትነሣ ስትንደፋደፍ ጊዜ በግንባሯ ገፍታ ጣለቻት። ደግማ ጣለቻት። በዱላ ገብቼ ጥጃዋን በእግሯ ጎትቼ አወጣሁ። ከዚያ ጨው ፈጭቼ ጀርባዋን ቀባሁላት፤ እናቷ የጠላቻት ጥጃ በጨው ትለመዳለች። ቦራ ጨውን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ጨው የማትልስ ላም ያን ቀን ገና አየሁ።

ሰው ልጠራ ዞር ስል ልጄ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች። አምስት ዓመት ሆኗታል። ጀርባዋን ከግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ከወገቧ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ላሚቱን አየሁ። ልጄን አየሁ። ደግሜ ላሚቱን አየሁ። አቋቋማቸው አንድ ነው። አስተያየታቸው አንድ ነው። ከጥጃዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለምን አንድ እንደሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሁለቱንም የደበቅኋቸው እኔ ነኛ።

እንዴት እንደደበቅኋቸው ልናገር። ምክንያቴን ስናገር ግን እንዳታዝኑልኝ እፈራለሁ፤ ምክንያት ያለው ሰው ይታዘንለታልና።

ከትርንጎ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። የመጀመሪያው ወንድ ነበር፤ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ዘርፌ፣ ሸክላ የምትሠራው፣ አቅፋው «ወይ የዚህ ልጅ ማማር» አለች። በሳምንቱ በትኩሳት ነዶ ሞተ። ሁለተኛዋ ገና አራስ ሳለሁ ሄደችብኝ። ጤና የምታስተምረው ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ ወንዱን የገደለው ወባ ነው፣ እዚህ ውኃው የሚተኛበት ሜዳ ላይ ወባ ያልነካው ቤት የለም፣ አጎበር ስቀዪ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ከትንኝ ይልቅ የዘርፌን ዓይን መረጥሁ። ትንኝን ምን ብዬ እረግማታለሁ? ሰው ሲሆን ነው የሚረገመው። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነገሩ ቀለለልኝ። አገሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያወራውን እኔ ስም ሰጠሁት። ወንዝ ስወርድም፣ ይፋግ ገበያ ስሄድም፣ «ልጄን ያቀፈችው ዕለት ነው የጨረሰችው» እያልሁ ተናገርሁ። ሴቶቹም ከእሷ ማሰሮ መግዛት እየተዉ ሄዱ። አየሁ። ዝም አልሁ።

ትርንጎ በሆዴ ሳለች ባሌ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ፤ እዚያው ታሞ እዚያው ተቀበረ። መቃብሩን አላየሁም። ስወልድ ከእኔ ሌላ በቤቱ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ማልሁ። ይህችን ዓይን አያያትም አልሁ። በሰማንያ ቀኗ ፊቷን በነጠላ ሸፍኜ ክርስትና አስነሣኋት፣ ሸፍኜ መለስኋት፣ በሩን ዘጋሁ። በዓመቱ ላሜ ቦራን ወለደችና ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ያንንም ዓይን ነው አልሁ። ጥጃዋን ከቤቱ ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች መስኮት የሌላት ጎጆ ውስጥ አስገባኋት። ከሌሎች ጥጆች ጋር እንዳትቀላቀል፣ መስክ እንዳትወጣ፣ መንገደኛ እንዳያያት። አጥሚት በጣቴ እያጠባሁ አሳደግኋት። ሣር አጭጄ እወረውርላታለሁ፤ ጎጆዋን እዘጋለሁ። ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው ያወጣኋት።

ልጄንም እንዲሁ። ሩዝ ላርም ስሄድ በሌማት እንጀራ፣ በቅል ውኃ አስቀምጬ በሩን ከውጭ እቀረቅርባታለሁ። ከውጭ ነው የምላችሁ። ሰው ሲመጣ ጓዳ አስገባታለሁ። «ልጅሽ የታለች?» ይሉኛል። «ተኝታለች» እላለሁ። የማርያም ዕለት ይጠይቁኛል፤ «ተኝታለች» እላለሁ። ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፤ «ተኝታለች» እላለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የምትተኛ ልጅ የት አለች? እኔ ግን ስመለስ በሩን ከፍቼ በሕይወት ሳገኛት ድል ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። ወፍራለች፣ አልታመመችም፣ ጥፍሯ አልተሰበረም። ከዚህ ሌላ ልጅ ምን ይፈልጋል እል ነበር።

አልተናገረችም። «እማ» ትላለች፣ «ውኃ» ትላለች፤ ሌላው ቃል ቀረ። ትርንጎ በዚህ፣ ጥጃዋ በዚያ፣ መካከላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከአረም ስመለስ አንድ ቀን ጥጃዋ ስትጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ ጥጃ መለሰላት። ሌላ ጥጃ የለኝም። ልጄ ነበረች። ግድግዳው ላይ አፏን ደቅና እንደ ጥጃ «እምቧ» ትላለች። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሣቅሁ። ልጄ ትጫወታለች ብዬ ሣቅሁ። የሚያጫውታት ከግድግዳው ወዲያ ያለ ድምፅ ብቻ መሆኑን ያን ቀን እንዴት አላስተዋልሁትም? አስተውዬዋለሁ። ማስተዋሌን ነው የደበቅሁት።

ወደ ላሚቱ ልመለስ። ከወረታ የእንስሳት ሐኪም በሞተር መጣ፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ጥጃዋን አየ፣ ቦራንም ከሩቅ ሆኖ ብዙ አያት። ከከብት ጋር ስትሰማራ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት። ከመንጋው አትገባም፤ ዳር ትቆማለች፤ ሌላ ላም ሲጠጋት ወይ ትሸሻለች ወይ ሳይነኳት ትወጋለች። እንዴት ነው ያደገችው አለኝ። ይፋግ ገበያ ገዝቻት ነው፣ አስተዳደጓን አላውቅም አልሁ። ዋሸሁ።

እሱ አመነኝና ያሳደጋትን ሰው ይወቅስ ጀመር። እኔ ቆሜ ስሰማ። ማንም ይሁን፣ አለ፣ ይህችን ጥጃ ገና ከተወለደች ብቻዋን ዘግቶባታል። የጥጃ አንጎል ስትወለድ አልቆ አይመጣም አለ። አካሏ በሣርና በወተት ያድጋል፤ አንጎሏ ግን በሌላ ጥጃ ያድጋል፤ በመገፋፋት፣ በመላላስ፣ በመሯሯጥ። በዚያ ዕድሜ ይህ ከጎደለ አንጎሏ ውስጥ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ክሮች ቀጥነው ይቀራሉ። የተማሩ ሰዎች ይህንን በአይጥም በጦጣም አይተውታል አለ። ምግቡ ሳይጎድልበት ለብቻው ያደገ ጦጣ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ሲያስገቡት ጥግ ይዞ ይወዛወዛል፤ የገዛ እጁን ይነክሳል። ሴቷም ስትወልድ ልጇን አታውቀውም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ፍቅር የሚለመድበት ጊዜ አልፏት ነው አለኝ።

ይወዛወዛል ሲል ወደ በሩ ዞርሁ። እየተናገረ ሳለ ትርንጎ ከኋላው ትወዛወዝ ነበር። የእጇን ጀርባ ብታዩት ጠባሳ ነው፤ በጥርሷ ነው።

እንደ ሩዝ መሆኑ ገባኝ። ሩዝ በጊዜው ውኃ ካላገኘ፣ በኋላ የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳው ላይ ቢተኛበትም አያፈራም። የልጄ ጊዜ አልፏል? ይህን ነበር ማወቅ የፈለግሁት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ማወቅ የፈለግሁት ነገር የለም።

«ዘግይቶ ቢሆንስ?» አልሁት። «አሁን ከሌሎቹ ጋር ብትቀላቀል ይመለሳል?»

«ስለ ላሚቱ ነው እናቴ?» አለኝ።

«ስለ ላሚቱ።»

ዞር ብሎ በሩን አየ። ልጄን አያት። ስሟን ጠየቀኝና በስሟ ጠራት፤ ቀና አላለችም።

«ላሚቱን አላውቅም፤ አርጅታለች ለዚህ ነገር» አለ። «ገና ትንሽ የሆነ ነገር ግን ቶሎ ከእኩዮቹ ጋር ከዋለ ብዙው ይመለሳል። ነገ ሳይሉ፣ እናቴ። ዛሬ ነገ ሳይሉ።»

አላዋረደኝም። እያወቀ ስለ ላም እንደሚያወራ ሆኖ ነገረኝ። ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ ልጠራው፣ እኔ ነኝ የዘጋሁባት ልለው ፈልጌ ሳልለው ቀረሁ። አሁንም የት እንዳለ አላውቅም።

ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጆሮዋ ደኅና ነው፣ ምላሷ ደኅና ነው፣ ልጆች መሐል ትዋል አሉኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መንደሩ ከእኔ ቤት ማዶ ነው፤ በሳምንቱ ርብ ሞላና ሜዳው ባሕር ሆነ። በክረምት እኛ ጉብታ ላይ ነን፣ ዙሪያችን ውኃ ነው። ጉብታው ላይ ያለነው ሁለት ቤት ብቻ ነን። የእኔና የዘርፌ። ዘርፌ አራት ልጆች አሏት።

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። ልጄን ከማን ደበቅኋት? ከዘርፌ። ልጄን ማን ዘንድ ልውሰዳት? ዘርፌ ዘንድ።

እንዲያው በአንድ ቀን ዓይን የሚባል ነገር የለም ብዬ አመንሁ ብላችሁ ውሸት ነው። ፈርቼ ነበር። በአንድ ወገን ዓይኗን እፈራለሁ፤ በሌላ ወገን ያ ክር በልጄ ራስ ውስጥ በየቀኑ ሲቀጥን ይታየኛል። ሦስት ቀን አሰብሁ። ሐኪሙ ዛሬ ነገ ሳይሉ ብሎኝ ሦስት ቀን አሰብሁ። ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአራተኛው ቀን ትርንጎን አዝዬ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍኜ፣ ጭቃውን እየረገጥሁ ሄድሁ። ዘርፌ ደጇ ላይ ተቀምጣ የማሰሮ አንገት ታወጣለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጀርባዬን አየች።

«ዛሬ ደግሞ ልጅቱ ነቃች?» አለች።

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ማሰሮዋን እያሻሸች ቀጠለች፦

«ዓይኔን አውልቄ ጓዳ ላስቀምጠው ወይስ እንዲሁ ትገቢያለሽ?»

«እንዲሁ ልግባ» አልሁ። በክርኗ ድንጋዩን ጠቆመችኝና ተቀመጥሁ።

ልጆቿ የሸክላውን አፈር በእግራቸው ይረግጣሉ። ትንሿ ደብሪቱ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እየዘለለች ትረግጣለች። ትርንጎን ከጀርባዬ ሳወርዳት ሄዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሙሉ ቀን እዚያው ቆመች። በማግሥቱም ቆመች። በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ቀርባ እጇን ስትይዛት ትርንጎ ነከሰቻት። ደብሪቱም መልሳ ነከሰቻት። ዘልዬ ልነሣ ስል ዘርፌ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ። ይተዋወቁ።»

ልጄ አለቀሰች። የሚያስገርመው ግን ወደ እኔ አልመጣችም። የነከሰቻትን ልጅ እያየች አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ የነከሰችው የገዛ እጇን ነው፤ የሚነክስ ሌላ ሰው አግኝታ አታውቅም።

አንድ ቀን ፍየል ስትጮህ ሰምታ ትርንጎ «እምቧ» አለች። የዘርፌ ልጆች ዞረው አዩአት። ከዚያ ትልቁ «ጥጂት! ጥጂት መጣችልን!» ብሎ ተሳለቀባት። ደብሪቱ ግን «እምቧ» ብላ መለሰችላት። ሁሉም ተያይዘው እምቧ አሉ። ጭቃው መሐል አራቱም በእጅና በእግራቸው ሆነው ይጮሃሉ። ልጄ ከግድግዳው ተላቀቀች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ጭቃው ውስጥ ገባች። ሣቀች። ትርንጎ ስትሥቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት አምስት ዓመት አላውቅም ነበር። ወፍራም ነው፤ እንደ አባቷ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ወሰድኋት። ቃሉ አንድ አንድ እያለ መጣ። መጀመሪያ «የኔ ነው»፣ ቀጥሎ «አምጪ»፣ ከዚያ ስድብ። የስድቡን ዕለት እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የቦራንም ጥጃ ከዘርፌ ፍየሎች ጋር አዋልናት፤ ደኅና ሆና አደገች፣ ፍየል ይመስል ድንጋይ ላይ መውጣት ትወዳለች እንጂ።

ዘርፌን ይቅርታ የጠየቅኋት መስከረም ላይ ነው፣ ውኃው ሲጎድል። ስላወራሁባት ወሬ ሁሉ፣ በይፋግ ገበያ ያልሁትን ሁሉ ነገርኋት። እጇን ከጭቃው አላወጣችም። «ልጅሽን ያመጣሽ ቀን ነግረሽኝ የለም እንዴ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይቅር ብላኝ ይሁን ሰልችቷት አላውቅም። ያጣችውን ደንበኛ እኔ አልመለስሁላትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የበሩን ነገር ግን ለእሷም አልነገርኋትም። ከውጭ እቀረቅር እንደነበር፣ ሣቄን፣ ሦስቱን ቀን አልነገርኋትም። እሱን ነው አሁን የጻፍሁት።

ላሚቱ አልዳነችም። አሁንም አለች። መስክ ላይ ከብቱ ሁሉ ተጠጋግቶ ሲያመሰኳ እሷ ብቻዋን ዳር ቆማ ታያላችሁ። በፀሐይም በዝናብም ለብቻዋ ናት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወልዳለች፤ ሁለቱንም ነጥቀን በሌላ ላም አጠባን። አልሸጥኋትም፤ ሳያት ልመም ብዬ ነው ያስቀመጥኋት። ሰዎች ስለት አለብሽ ወይ ይሉኛል። ትርንጎ ባለፈው «እማ፣ ቦራ ለምን ብቻዋን ትቆማለች?» አለችኝ። «ተፈጥሮዋ ነው» አልኋት። ዛሬም እዋሻለሁ ማለት ነው። ተፈጥሮዋ አይደለም። እኔ ነኝ።

ትርንጎ፣ አንቺ አሁን ሦስተኛ ክፍል ነሽ፤ እኔ የደረስሁበት ላይ ደርሰሻል፣ ይህን ማንበብ ትችያለሽ። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አሁንም ጀርባሽ ግድግዳ ይፈልጋል። ለምን እንደሆነ ሳታውቂ ታፍሪያለሽ። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። ወድጄሽ ነው አልልሽም። ወድጄሻለሁ፤ ግን የዘጋሁብሽ ለአንቺ ብዬ አይመስለኝም፤ ሦስተኛ መቃብር ላለማየት ለራሴ ብዬ ነው። አምስት ዓመት ወሰድሁብሽ። የሚመለሰው ተመለሰ፤ ያልተመለሰውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ፤ ባትዪኝም አልቀየምሽም።

እናንተ ይህን የምታነቡም ፍረዱ። እኔ ለራሴ አልከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህ ሳምንት እህል ለማስፈጨት ወጥቼ ስመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፍሁ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተዋል። ሜዳው ላይ ሴቶች ልጆች ተሰብስበው የማን ተራ ነው ብለው ይጣላሉ። ከመሐላቸው የማን ድምፅ የልጄ እንደሆነ ለመለየት ቆሜ ሰማሁ። መለየት አልቻልሁም። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጮኹት። ከዚያ አየኋት፤ ክንዷን ደብሪቱ ትከሻ ላይ ጥላ፣ አንዷን ልጅ «አጭበርባሪ» ትላለች። እኔን አላየችኝም። ዱቄቴን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፤ በሩንም ገርበብ አድርጌ ተውሁት። ዛሬ የምፈራው ነገር የለም። ልጄ ተርፋለች። እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቼ ደኅና ደርሻለሁ።